ቆጵሮስ፦ ተራራ ላይ የወጣው የባሕር ወለል (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ቆጵሮስ ሁለት ዓመት ተምሬ ስመለስ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባሕር ዳርቻውና ስለ ቤት ኪራዩ ነበር። እኔ ደግሞ የማወራው ስለ ድንጋዩ ነው። መጀመሪያ ሰዉ ይስቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ራሱ መጠየቅ ይጀምራል። ጥያቄዎቹ ያው ስለሆኑ አንድ ላይ ልጻፋቸውና ልገላገል ብዬ ነው። ጂኦሎጂስት አይደለሁም። ጂኦሎጂስቶቹ መስክ ሲወጡ መኪናቸው ላይ ቦታ ከተረፈ አብሬ የምጫን ሰው ነበርኩ። ዓመቶቹ «በኛ» ካላልኩ በቀር የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቆጵሮስ ስትል የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለችውን ነው?

እሷኑ ነው፣ የበርናባስን አገር። እሱና ጳውሎስ ከስልማና እስከ ጳፉ ደሴቲቱን አቋርጠው ሄደዋል፤ ጳፉ ዛሬ ፓፎስ የምትባለዋ ከተማ ናት። በሜድትራኒያን ከሲሲሊና ከሰርዲኒያ ቀጥላ ሦስተኛዋ ትልቅ ደሴት ናት፣ ስፋቷ 9,251 ካሬ ኪሎ ሜትር። መሐሏ ላይ ትሩዶስ የሚባል ተራራማ አገር አለ። ከፍተኛው ጫፍ ኦሊምፖስ 1,952 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ያንሳል፤ ግን በጥር በረዶ ይከመርበታል፣ ሰዉም በበረዶ መንሸራተቻ ይጫወትበታል።

«ተራራው የባሕር ወለል ነው» ስትል ምን ማለትህ ነው?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ተራራ ላይ የተገኘ ዛጎል ይመስለዋል። እሱማ በብዙ አገር አለ፤ እኛም ጋ መቀሌ ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል ሞልቷል። እሱ ባሕሩ ውስጥ የተጠራቀመው ጭቃ ነው፣ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ድንጋይ ሆኖ የቀረ።

ትሩዶስ ላይ ያለው ሌላ ነው። የወለሉ ላይ ጭቃ ሳይሆን ወለሉ ራሱ፣ ከነመሠረቱ። የዛሬ 92 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ቴቲስ በሚባል አሁን በሌለ ውቅያኖስ ሥር፣ መሬት እየተሰነጠቀች ከታች የቀለጠ አለት ሲወጣባት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን አለት በተፈጥሮ ቦታው ማየት የፈለገ ሰው መርከብ ይከራያል፣ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ውሃ ሥር ይወርዳል፣ ከዚያም ገና ይቆፍራል። ቆጵሮስ ላይ ግን አውቶቡስ ተሳፍሮ መሄድ ይቻላል። ሳይንቲስቶች እንዲህ ወደ የብስ የወጣውን የውቅያኖስ ቅርፊት ኦፊዮላይት ይሉታል። ኦማንም አለ፣ ሌላም ቦታ አለ፤ የትሩዶሱ ግን ሳይሰባበር፣ ደርቡ ሳይዛባ በመውጣቱ መማሪያ ሆኗል።

ደርቡ እንዲህ ነው። ከላይ ላቫው አለ፣ ማለት ከታች ወጥቶ የፈሰሰው የቀለጠ አለት። ላቫ ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ሲነካ ገጹ ወዲያው ይደርቃል፣ ውስጡ ግን ገና ፈሳሽ ስለሆነ ያበጠውን ቆዳ ሰንጥቆ ሌላ እብጠት ያወጣል፤ እሱም ይደርቃል፣ ከጎኑ ሌላ ይወጣል። ዞሮ ዞሮ የሚቀረው ነገር መጋዘን ውስጥ የተቆለለ የእህል ጆንያ ይመስላል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ለጠጥ ብሎ የተኛ። ፈረንጆቹ ትራስ ላቫ ይሉታል፤ እኔ ጆንያ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ከዚያ በታች ዳይኮቹ አሉ፦ ላቫው የወጣባቸው ስንጥቆች እዚያው ደርቀው የቀሩ፣ መደርደሪያ ላይ እንደቆመ ደብተር ጎን ለጎን የተጣበቁ፣ አብዛኞቹ አንድ ሜትር ገደማ የሚወፍሩ ቀጥ ያሉ የድንጋይ ግድግዳዎች። ከነሱ በታች ጋብሮ የሚባል ቀስ ብሎ የቀዘቀዘና ፍሬው ጎላ ጎላ ያለ አለት አለ። ከሁሉም በታች ማንትሉ፣ ማለት ከምድር ቅርፊት በታች ያለው አካል።

ዳይኮቹን መንገድ ሲሠራ የተቆረጠ ገደል ላይ ነው ያየኋቸው። ከሩቅ ምንም አይመስሉም። አብሮን የነበረው መምህር ግን ጣቴን ይዞ አንዱ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፤ «ወደ ቀኝ እያንሸራተትክ ና» አለኝ። መሐሉ ሻካራ ነበር፣ እንደ አሸዋ ወረቀት። ወደ ጠርዙ ስደርስ እየለሰለሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ እንደ መስታወት ሆነ፣ ጥቁር ለስላሳ። እዚያ ጋ ነው ትኩሱ አለት ቀድሞት የነበረውን ቀዝቃዛ አለት ነክቶ በድንገት የቀዘቀዘው። የሚገርመው ብዙዎቹ ዳይኮች ይህ ለስላሳ ጠርዝ ያላቸው በአንድ ጎናቸው ብቻ ነው። ለምን? አዲሱ ስንጥቅ የቀድሞውን ዳይክ መሐል ለመሐል ገምሶት ስለሚያልፍ፣ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ይሄዳል። መሬት በአንድ ቦታ ደጋግማ መሰንጠቋን፣ ወለሉም ወደ ሁለት ጎን መራቁን በጣት መዳሰስ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ጥልቁ አለት እንዴት ጫፍ ላይ ወጣ?

ይህ ጥያቄ ከተነሣ ሰውየው በደንብ እያዳመጠ ነው ማለት ነው። እውነት ነው፣ ትሩዶስ ላይ ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል። ላቫው ከግርጌ፣ ዳይኩ ከፍ ብሎ፣ ጋብሮው ከዚያ በላይ፣ ኦሊምፖስ ጫፍ ላይ ደግሞ ማንትሉ። አልተገለበጠም ግን። መሐሉ ከሥር እንደ ጉልላት ተገፍቶ ወጣ፣ አናቱን ዝናብና ወንዝ ሸረሸረው፣ ውስጡ ተገለጠ። ሽንኩርት ከላይ ሲቆረጥ የውስጡ ክብ መሐል ላይ እንደሚታየው።

የገፋው ኃይል ሁለት ነው። አንደኛው የአፍሪካ ፕሌት፣ ማለት አፍሪካን የተሸከመው ግዙፍ የምድር ቅርፊት ገበታ፣ ወደ ሰሜን እየገፋ ከደሴቲቱ በታች መግባቱ ነው። ሁለተኛውን እኔ የበለጠ እወደዋለሁ፦ ውሃ። የማንትሉ አለት ውስጥ ውሃ ሲገባ ሰርፐንቲን ወደሚባል አረንጓዴ፣ ሲነኩት ሳሙና ሳሙና የሚል ማዕድን ይለወጣል። ስሙ ከእባብ የመጣ ነው፤ ቆዳው ስለሚመስል። ሲለወጥ ያብጣል፣ ክብደቱም ከበፊቱ ይቀላል። የቀለለ ነገር ደግሞ በከባዱ መሐል ሽቅብ ይላል።

ይህን ሁሉ ማን ደረሰበት?

ዋናው ሰው ኢያን ጋስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሱዳን ሠርቶ በ1950ዎቹ ቆጵሮስ መጣና ካርታ ሲያነሣ ቆየ። የመሬት ስበት ሲለካ ትሩዶስ ላይ ከሚጠበቀው በላይ ሆነ፤ ከሥሩ በጣም ከባድ አለት አለ ማለት ነው። ያኔ የፕሌቶች እንቅስቃሴ የሚባለው ነገር ገና ተቀባይነት አላገኘም ነበርና ምን እንዳየ ለመናገር ቃሉም አልነበረውም። በ1968 ግን «ትሩዶስ የጥንት ውቅያኖስ ወለል ቁራጭ ይሆን?» ብሎ በጥያቄ ምልክት ጻፈ። በ1971 ኤልድሪጅ ሙርስና ፍሬድ ቫይን የጥያቄ ምልክቱን አነሡት። ቫይን ማለት በ1963 ከድረመንድ ማቲውስ ጋር ሆኖ የባሕር ወለል እየተስፋፋ መሆኑን ከመግነጢስ መስመሮች ያሳየው ሰው ነው።

ሁሉም ተስማምቶ ሊያርፍ ሲል በ1973 አኪሆ ሚያሺሮ የሚባል ጃፓናዊ መጣ። የላቫውን ኬሚስትሪ አይቶ «ይህ በውቅያኖስ መሐል የሚገኘው ዓይነት አይደለም፣ አንዱ ፕሌት በአንዱ ሥር ሲገባ የሚወጣውን ነው የሚመስለው» አለ። ጉድ ፈላ! ለዓመታት ተከራከሩ። ዛሬ አብዛኛው ተመራማሪ የሚያምነው ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት እንደነበረው ነው፦ ወለሉ የተስፋፋ የባሕር ወለል ነው፣ የተስፋፋው ግን ወደ ታች ከሚገባ ፕሌት በላይ ባለ ቦታ ነው። በ1980ዎቹም ትልቅ የቁፋሮ ፕሮጀክት ተደርጎ አንዱ ጉድጓድ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወርዷል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሌም ስለሚገርመኝ። አለት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያሉት የብረት ቅንጣቶች የዚያን ጊዜውን ሰሜን ጠቁመው ይደርቃሉ። የትሩዶስ ላቫ ግን ወደ ምዕራብ ነው የሚጠቁመው። ኮምፓሱ አልተሳሳተም። አገሩ ነው ወደ 90 ዲግሪ የዞረው፣ በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ።

ከአፋር ጋር ግንኙነት አለው?

የአገር ዝምድና የለውም፣ የሥራ ዝምድና ግን አለው። አፋር ላይ መሬት ዛሬ የምትሠራውን ነው ትሩዶስ ጨርሶ ያስቀመጠው። በመስከረም 2005 ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዳይክ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገባ፤ አንዳንድ ቦታ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። በኛ በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ ዙሪያ ማግማ (ገና ከመሬት ሥር ያለ የቀለጠ አለት) ሲንቀሳቀስ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ አምፖል ሲወዛወዝ ያየ ሰው ነገሩ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ትሩዶስ ላይ ያሉት እነዚያ የደብተር ቅጠል የመሰሉ ግድግዳዎች እያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ሳምንት ነበሩ። አፋር ላይ ክስተቱን በሳተላይትና በመንቀጥቀጥ መለኪያ ታየዋለህ፣ ዳይኩን ግን አታየውም፣ ከሥር ነው። ትሩዶስ ላይ ዳይኩን ትዳስሰዋለህ፣ ክስተቱ ግን ካለፈ ቆይቷል። ልዩነትም አለ፦ አፋር አህጉር ተሰንጥቆ ነው፣ ትሩዶስ ከመጀመሪያው ባሕር ውስጥ ነበር።

ራሴ ሄጄ ማየት እችላለሁ? የትኛው ቦታ ይሻላል?

ትችላለህ። ትሩዶስ ከ2015 ጀምሮ የዩኔስኮ ጂኦፓርክ ነው፣ ማለት ለድንጋዩ ሲባል የሚጠበቅ ቦታ፤ ምልክት የተተከለባቸው የእግር መንገዶች አሉ። የጎብኚዎች ማዕከሉ አሚያንዶስ በሚባል ቦታ የድሮ ማዕድን ማውጫ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ለጆንያው ላቫ ግን የአካኪን ሸለቆ የሚያህል የለም። አዎ፣ አካኪ። ወንዙም አካኪ፣ መንደሩም አካኪ። እናቴ ጋ ስደውል «ዛሬ አካኪ ነበርኩ» ስላት «መቼ መጣህ?» ብላኛለች። ሸለቆው ውስጥ ላቫው ላይ ላቫ ተቆልሎ፣ ዳይኮቹ ደግሞ በመሐሉ ሽቅብ ሰንጥቀውት ሲያልፉ በአንድ እይታ ታየዋለህ። ጠዋት ሂድ፣ ውሃ ያዝ፣ ሐምሌና ነሐሴን ተዋቸው።

እሳተ ገሞራ አለ እንዴ? የመሬት መንቀጥቀጥስ?

እሳተ ገሞራ የለም። መንቀጥቀጥ አለ፤ ደሴቲቱ ፕሌቶች የሚጋፉበት ጠርዝ ላይ ናት። በ1953 ፓፎስ አካባቢ የደረሰው 40 ሰው ገድሏል። በ1996 ከፓፎስ ወጣ ብሎ ባሕር ውስጥ 6.8 ደርሷል።

መዳብ ስሙን ያገኘው ከቆጵሮስ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሮማውያን «የቆጵሮስ ማዕድን» ይሉት ነበር፤ ከዚያ ነው «ኩፕሩም» የመጣው፣ የእንግሊዝኛውም ስም እንደዚሁ። መዳቡ የመጣው ደግሞ ከዚያው ከባሕር ወለሉ ነው። የባሕር ውሃ በስንጥቅ ይወርዳል፣ ከታች ካለው ማግማ ይግላል፣ ከአለቱ መዳብና ብረት እያጠበ ይወጣል፣ ቀዝቃዛውን ውሃ ሲያገኝ የያዘውን ይጥላል። ዛሬ በጥልቅ ባሕር ጥቁር ጭስ የሚተፉ የሚመስሉ ፍልውሃዎች አሉ፤ ያው ናቸው። በትሩዶስ መዳብ ውስጥ በዚያ ፍልውሃ ዙሪያ የኖሩ ትሎች ቱቦ እንኳ ቅሪተ አካል ሆኖ ተገኝቷል። የት እንደሚኖሩ ሳይንስ ያወቀው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የቆጵሮስ ቆፋሪ ግን በሺህ ለሚቆጠር ዓመት ሳያውቃቸው በመዶሻ ሲፈልጣቸው ኖሯል።

ድሮ ሲያቀልጡ የቀረው ጥቁር ዝቃጭ ዛሬም ክምር ክምር ሆኖ ይታያል፤ በሚሊዮን ቶን ነው የሚገመተው። ያን ሁሉ ለማቅለጥ ስንት ደን እንደነደደ አስበው። ስኩሪዮቲሳ የሚባለው ማውጫ በጥንት ተሠርቶበት በዘመናችንም እንደገና ተሠርቶበታል።

ሜድትራኒያን አንድ ጊዜ ደርቆ ነበር ይባላል። ቆጵሮስ ላይ ምልክቱ አለ?

አለ፣ ጀሶ። የዛሬ 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጂብራልታር በኩል ያለው መግቢያ ተዘጋና ባሕሩ ከሚገባበት ውሃ የሚተንነው በለጠ። ጨውና ጀሶ ከሥሩ ተጋገረ። ከ5.97 እስከ 5.33 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ሙሉ በሙሉ ደረቀ ወይስ በጣም ጎደለ በሚለው እስካሁን ይከራከራሉ። በደቡብ ቆጵሮስ ጀሶው በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ከመኪና ይታያል፤ የድሮ ገበሬ ቤቶች ወለል በሱ የተነጠፈ ነው።

ቆጵሮስ ላይ ጉማሬ ነበር? እየቀለድክ ነው?

አልቀለድኩም። ዝሆንም ነበር። ግን አሳማ የሚያህል ጉማሬ፣ ዝሆኑም ከፈረስ የማይበልጥ። ጉማሬው 130 ኪሎ ገደማ እንደነበር ይገመታል፤ የኛ የባሮና የጣና ጉማሬ ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ነው። ትልቅ እንስሳ ደሴት ላይ ሲቀር፣ ምግቡ ውስን ሲሆን፣ የሚያሳድደው አንበሳም ሲጠፋ፣ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ያጥራል፤ ትልቅ መሆን ምን ያደርግለታል? እንዴት ደረሱ ለሚለው ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ዋኝተው ነው ይላሉ። ዝሆን ጎበዝ ዋናተኛ ነው።

መጀመሪያ አጥንታቸውን በሥርዓት የሰበሰበችው ዶሮቲያ ቤይት ናት። በ1901 ቆጵሮስ ስትገባ 22 ዓመቷ ነበር፣ ብቻዋን። ወራት ሙሉ ዋሻ ለዋሻ ስትዞር ቆይታ በሰሜኑ የኬሪኒያ ተራሮች አካባቢ ድንኩን ዝሆን አገኘች። ሴት ልጅ ለብቻዋ በበቅሎ አገር ስትዞር ያኔ ምን ይባል እንደነበር መገመት አያቅትም።

ትልቁ ክርክር የመጣው በኋላ ነው። በደቡብ በኩል አክሮቲሪ ልሳነ ምድር ላይ፣ ባሕሩ ላይ በተንጠለጠለ ገደል፣ ኤቶክረምኖስ የሚባል ትንሽ የድንጋይ ጥግ አለ። አላን ሲመንስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲቆፍረው ከ200,000 በላይ የጉማሬ አጥንት ወጣ፣ ከ500 በላይ ጉማሬ ማለት ነው፣ እዚያው የሰው የድንጋይ መሣሪያና የእሳት ምልክት አብሮ። ዕድሜው 12,000 ዓመት ገደማ። ሲመንስ «ሰው ነው አድኖ የበላቸው፣ የጨረሳቸውም እሱ ነው» አለ። ሌሎች «አይ፣ አጥንቱ ቀድሞ የተከማቸ ነው፣ ሰው ኋላ ነው የመጣበት» አሉ። በ2024 ደግሞ በሒሳብ ሞዴል የተሠራ ጥናት ከ3,000 እስከ 7,000 የሚሆን ሕዝብ ብቻ ጉማሬውንም ዝሆኑንም ከአንድ ሺህ ዓመት ባነሰ ጊዜ ሊጨርሳቸው ይችል እንደነበር አሳየ፣ ጉማሬውን አስቀድሞ። ሞዴል «ይቻል ነበር» ይላል እንጂ «ሆኗል» አይልም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሰው ሲደርስና እንስሳው ሲጠፋ ጊዜው እንዲህ ከተቀራረበ እጃችን ንጹሕ ነው ብሎ መማል ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ሰው የራሱን እንስሳ ይዞ መጣ። የዛሬው የቆጵሮስ የዱር በግ፣ ሙፍሎን፣ የድንጋይ ዘመን ገበሬዎች በጀልባ ካመጡት በግ የወረደ ነው። በ1930ዎቹ ሊጠፋ ደርሶ የፓፎስ ደን አደን ሲከለከል ተረፈ። ሺሉሮካምቦስ በሚባል ቦታ ደግሞ 9,500 ዓመት ዕድሜ ባለው መቃብር ሰውና ድመት አጠገብ ለአጠገብ ተቀብረው ተገኝተዋል።

ተራራው ላይ የሚበቅለውስ? ዝግባ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

አለ፣ ግን የኛ ዝግባ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱሳችን የሊባኖሱን ዛፍ «ዝግባ» ብሎ ስለተረጎመው ስሙ ተምታቷል፤ የጫካችን ዝግባ ሌላ ዘር ነው። የቆጵሮሱ የሊባኖሱ ዘመድ ነው፣ ቅጠሉ ግን በጣም አጭር ነው፣ እንደ መርፌ ስብራት። በተፈጥሮ የሚበቅለው በዓለም ላይ በፓፎስ ደን ብቻ ነው።

ለኔ ግን ከዛፉ ይልቅ አንዲት ከጉልበት በታች የሆነች ቢጫ አበባ ታስደንቀኛለች፣ አሊሱም ትሩዲ። ሰርፐንቲን አፈር ለተክል መርዝ ነው ማለት ይቻላል፦ ኒኬል ይበዛበታል፣ ካልሲየም ያንሰዋል። ብዙው ተክል ይሸሸዋል። እሷ ግን ኒኬሉን እየመጠጠች ቅጠሏ ውስጥ ታከማቸዋለች፣ ምንም አትሆንም። ከትሩዶስ ውጭ የትም የለችም። ደሴቲቱ ከ140 በላይ የራሷ ብቻ የሆኑ ዕፅዋት አሏት፤ ብዙዎቹ ያሉት ትሩዶስ ላይ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪና የድንጋይ ተመራማሪ አንድ መኪና የሚጋሩት ለነዳጅ ብለው ብቻ አይደለም፤ አበባዋን የሚፈልገው መጀመሪያ የሚያየው የድንጋዩን ካርታ ነው።

እኛ ጋ የምትከርም ወፍ አለች የሚባለው?

አለች። ጥቁርና ነጭ፣ ከድንቢጥ ብዙ የማትለይ፣ 20 ግራም ገደማ። የሳይንስ ስሟ ኦይናንቴ ሲፕሪያካ ነው። የምትፈለፍለው ቆጵሮስ ላይ ብቻ ነው፤ ብርዱ ሲመጣ ወደ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳንና ኢትዮጵያ ትወርዳለች።

እንዴት ታወቀ? ትሩዶስ ላይ ወፎቹን ይዘው ጀርባቸው ላይ ኢምንት መሣሪያ አሰሩባቸው። መሣሪያው ሳተላይት አያውቅም፤ የሚመዘግበው ብርሃንና ሰዓት ብቻ ነው። ፀሐይ ስንት ሰዓት ወጣች፣ ስንት ሰዓት ጠለቀች፣ ከዚያ ወፏ የት እንደነበረች ይሰላል። ችግሩ መረጃው የሚገኘው ያቺኑ ወፍ በዓመቱ እንደገና ስትይዛት ነው። ደግነቱ እነዚህ ወፎች ወደዚያው ሰፈራቸው ይመለሳሉ። ውጤቱ እንዳሳየው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ጉዞ፣ ባሕሩንም በረሃውንም፣ ሳያርፉ በአንድ በረራ የሚጨርሱት ይመስላል።

ቆጵሮስ ለሌሎች ወፎች ግን ክፉ አገር ናት። ማለፊያ ላይ ስላለች በመረብና በሙጫ በተቀባ እንጨት ያጠምዷቸዋል፣ ለምግብ። ከ1974 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ግን በድብቅ ይበላል። ሳህን ላይ ቀርቦ አይቼ አላውቅም፤ ዋጋው ሲነገር ግን ሰምቻለሁ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ።

ባሕሩ ውስጥስ ምን ያጠናሉ?

ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንዱ የባሕር ኤሊ ነው። በምዕራብ ላራ የሚባል ዳርቻ ላይ ከ1978 ጀምሮ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ጎጆአቸውን ይጠብቃል፤ ቀበሮ እንቁላሉን እንዳያወጣው የሽቦ ከለላ ይደረግበታል። በሰሜኑም አላጋዲ ላይ ከ1992 ጀምሮ እንዲሁ ይጠናሉ። የኤሊ ጾታ የሚወሰነው በአሸዋው ሙቀት ነው፣ ሲሞቅ ሴት ይበዛል። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የሴቱና የወንዱ ቁጥር ተመራማሪዎቹን የሚያሳስባቸው ለዚህ ነው።

ሌላው ከቀይ ባሕር የሚመጣው እንግዳ ነው። ሱዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ የቀይ ባሕር ዓሣ ወደ ሜድትራኒያን ይሻገራል። ምጽዋ ላይ የጠለቀ ዋናተኛ የሚያውቀው ባለ መርዝ እሾህ ላየንፊሽ አሁን ቆጵሮስ ላይ ባለቤት ሆኗል። ሆዱን የሚነፋው መርዛማ ዓሣም መረብ ይቆርጣል፤ መንግሥት ለሚያጠምደው በኪሎ ይከፍላል። ላየንፊሹ ግን እሾሁ ከወጣለት ይበላል። ሥጋው ነጭ ነው፣ ይጥማል።

ደሴቲቱ ለሁለት ተከፍላ የለ? ምርምሩ እንዴት ይሆናል?

ከባድ ነው። ከ1974 ወዲህ 180 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የተባበሩት መንግሥታት ቀጠና መሐሏን ይከፍላታል። የኬሪኒያ ተራሮች በሰሜን፣ አብዛኛው ትሩዶስ በደቡብ፤ ስንጥቁና ወፉ መስመሩን ባያውቁትም ካርታው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይቆማል። ቀጠናው ውስጥ ግን ሰው የሌለበት መንደር አለ፣ ቫሪሼያ፤ ሙፍሎኖቹ ገብተውበታል። በፈረሰ ቤት በር ላይ የቆመ በግ ፎቶ አይታችሁ ከሆነ ከዚያ ነው።

ድንጋይ ይዤ ልምጣ?

አታምጣ። ጂኦፓርክ ነው፣ አይነካም። ደግሞ አሚያንዶስ የሚለው ስም ራሱ አስቤስቶስ ማለት ነው፤ ከ1904 እስከ 1988 ሲወጣ የነበረው እሱ ነው። ከ1995 ጀምሮ ተዳፋቱን አፈር እያለበሱ ዛፍ ይተክሉበታል። እዚያ ያለው ሰርፐንቲን ውስጥ እንደ ጥጥ ክር የመሰለ ነጭ ነገር ካየህ አትፈልፍለው፣ አታሽተው፣ ኪስህም አትክተተው፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። እኔ ያመጣሁት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፦ ጣቴ ዳይኩ ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ ሻካራው ላይ ግማሹ መስታወቱ ላይ። ትንሽ ደብዝዟል፣ መምህሩ ነው ያነሣኝ።